ሠላሳ ሰባት ቤት ጠባቂዎች በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ስለ መልቀቃቸው

መርሳ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር አብርሃም
የቤት፣ የደመወዝና የሰው ኃይል ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣

አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። የእርስዎን ደኅንነት ከጠየቅሁ በኋላ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ የመኪናዎንና በተለይም የማህተምዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ ማህተሙ ከዚህ በታች ለማቀርበው ጉዳይ በብርቱ ያስፈልገናልና ቀለሙ እንዳይደርቅ ዱዓ እያደረግን ነው። እኛ የመርሳ ሰዎች አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ማንጎው እየወረደ ነው፤ ሰማዩም ለክረምት መጠቋቆር ጀምሯል።

እኔ ኡበይደላ ሰይድ እባላለሁ። ግራና ከሚባለው አገር ገበሬዎች ሽንኩርት እየገዛሁ፣ መርሳ ባለው መጋዘኔ የበሰበሰውን ከደኅናው አስለቅሜ ወደ ወልድያና ደሴ የምጭን ነጋዴ ነኝ። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ እይዛለሁ፤ ዘነበ አልዘነበ፣ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። ስለዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ንግግሮች ከደብተሬ የተገለበጡ እንጂ እንደ ጥናትዎ በናሙና የተገኙ ስላልሆኑ፣ ጥራታቸው ዝቅ ቢል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑ ጉዳዩን የማያውቅ ሰውም ያነበዋልና፣ በእኛ ዘንድ ቤት መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ በቅድሚያ ላስረዳ። አንዲት ልጅ ጅዳ ወይም ሪያድ ትሄዳለች፤ ከዚያ እየላከች ቤት ታሠራለች። ግድግዳው ይቆማል፣ ቆርቆሮው ይመታል፣ መስኮቱ ግን ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ይዘገያል። ሰው የማይኖርበትና እሳት የማይነድበት ቤት ደግሞ ምስጥ ይበላዋል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ ባለቤቷ ማረፊያ ያጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ታስገባበታለች። የገባው ኪራይ አይከፍልም፣ ያስገባችውም ደመወዝ አትከፍልም፤ እሱ ጣሪያ ያገኛል፣ እሷ ቤቷ ሳይፈርስ ይቆያታል። ይህን ሰው ቤት ጠባቂ እንለዋለን። ደመወዝ እየበላ ዱላ ይዞ በር ላይ የሚቆመውን ደግሞ ዘበኛ እንለዋለን። እስከ ጥር 14 ቀን ድረስ በመርሳ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አልነበረም። ጥር 14 ቀን የጽሕፈት ቤትዎ ጠያቂዎች ታብሌት ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ሁሉ ቅሬታ ማቅረብ ለትልቅ ሰው ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በአራት ቀን ውስጥ ስለፈጠሩልን የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ። አሲያ በእኔ መጋዘን ሽንኩርት የምትለቅም፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆናት፣ ለይላ የምትባል ጅዳ ያለች ልጅ በጀመረችው ቤት ውስጥ ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ጠያቂዎ «ቤቱ የማን ነው?» ቢላት «የለይላ ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ» አለችው። ታብሌቱ ውስጥ «ዘመድ ያስጠጋው» የሚል ምርጫ አልነበረምና «የጥበቃ ሠራተኛ» የሚለውን ነካ። «ደመወዝስ?» አላት። «ምን ደመወዝ አለው ልጄ፣ መጠለሉ አነሰኝ?» አለችው። «በዓይነት የሚከፈል» የሚለውን ነካ። በዚሁ መንገድ ሠላሳ ሰባት ቤተሰቦች ሳያመለክቱ፣ ሳይፈተኑ፣ ሳይሰሙም ተቀጠሩ።

ሚያዝያ 9 ቀን ጥናቱን ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ሲያቀርቡ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። «በመርሳ ከተማ በፍጥነት እያደገ ያለው የሥራ ዘርፍ ጥበቃ ነው» ሲሉ፣ ከጎኔ የነበረ የግራና ገበሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን የሚሰረቅ አግኝታችሁ ነው እንዲህ ያበዛችሁት?» አለኝ። ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ አራቱ ሴቶች መሆናቸውን እንደ ትልቅ ድል ሲያበስሩም አብሬ አጨበጨብኩ። ከነዚህ ሴቶች አንዷ እማማ አለሚቱ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። «ሌሊትም ይጠብቃሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «ኧረ ልጄ፣ እንቅልፍ ከተለየኝ ስንት ዘመኔ!» ብለው ስለመለሱ፣ በሠንጠረዥ ስምንት ላይ የሌሊት ተረኛ ሆነው ይገኛሉ። ሹመታቸውን ስነግራቸው ብዙ አልተገረሙም፤ «ፊሽካ ይሰጡኛል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ካለዎት ይላኩላቸው።

2ኛ. የእኔን ጫኝ ኃይሉን በሁለት ስላበዙልኝ አመሰግናለሁ። ኃይሉ ሙሉ ጆንያ ሽንኩርት በጀርባው ይዞ ወደ መኪናው ሲያመራ ጠያቂዋ መንገድ ላይ አስቁማ «ሥራ ይፈልጋሉ?» አለችው። «ሥራ የማይፈልግ ሰው ደግሞ የት አለ? ይልቅ ዞር በይልኝ እታለም፣ ወገቤ ተቆረጠ!» አላት። «ሥራ ፈላጊ» ተብሎ ተመዘገበ። ኃይሉም እንደ አሲያ የሰው ቤት የሚጠብቅ በመሆኑ፣ በገጽ 31 ላይ ሥራ ያለው፣ በገጽ 46 ላይ ሥራ አጥ ሆኖ እናገኘዋለን። በሁለቱ ገጾች መካከል ጆንያውን የጫነልኝ ሰው ማን እንደነበረ ጥናቱ አይናገርም። ይህን ያህል ጠባቂ በተሰማራበት ከተማ ሌባውም እንጀራው ተዘግቶበት ይሆናልና፣ እሱም በሥራ አጡ ቁጥር ውስጥ መካተቱን ቢያረጋግጡልን ደስ ይለናል።

3ኛ. አሲያን ከድህነት ስላወጧት አመሰግናለሁ። ስሌቱን አዳራሹ ውስጥ በትልቁ አሳይተውናል። ለለቀማ የምከፍላት የቀን ሦስት መቶ ብር በሃያ ስድስት ቀን ተባዛ፤ የምትኖርበት ባለ አራት ክፍል ቤት ቢከራይ ሊያወጣ የሚችለው ስድስት ሺህ ብር ተደመረበት፤ አሲያ አሥራ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር የምታገኝ «መካከለኛ ገቢ ያላት» ሴት ሆና ወጣች። በማግስቱ ሽንኩርቷን ስትለቅም ነገርኳት። እጇን ሳታቋርጥ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ የት አስቀምጬው ይሆን?» አለችኝ። ከዚያ የመጋዘኑ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ፤ «መካከለኛዋ፣ እስቲ ያን ቅርጫት አቀብይኝ» ሲሏት፣ «ለመካከለኛ ሰው እንዲህ አይታዘዝም!» እያለች ስታቀብላቸው ዋለች። የዚያን ቀን ከወትሮው ሃያ ጆንያ ያህል ያነሰ ነበር የተለቀመው፤ ይህንንም በጥናቱ ውጤቶች ላይ ይጨምሩልኝ።

እንደ እውነቱ ከሆነ፣ የሽንኩርት ሥራ ሃያ ስድስት ቀን የለውም። ሚያዝያን ከደብተሬ ብመለከት አሲያ የሠራችው አሥራ ስድስት ቀን ነው፤ መኪና ሲጠፋ ሥራ የለም፣ ግራናን ዝናብ ሲመታው ሥራ የለም። ከአራቱ ክፍሎችም ጣሪያው የማያፈሰው አንዱ ብቻ ነው። መርሳ ላይ አንድ ክፍል ቤት ዛሬ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ከእውነተኛ ገቢዋ ይህ ቢነሳ፣ ግማሽ ያህሉ ለግድግዳ ሄዶ በቀረው አራት ነፍስ ወር ሊከርም ነው።

እዚህ ላይ ሳቄን ለአፍታ ላቁምና እንደ ነጋዴ ልናገር። አሲያ ኪራይ ባለመክፈሏ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀመው እኔ ነኝ። በምከፍላት ልትኖር የቻለችው እኔ በቂ ስለምከፍል ሳይሆን ለይላ ቤቷ ውስጥ ስላስጠጋቻት ነው። ነገ ከቤቱ ብትወጣ፣ ወይ ደመወዝ እጨምራለሁ፣ ወይ አሲያ ልጆቿን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፣ ወይ ትልቋ ልጇ ትምህርቷን ትታ እንደ ለይላ ጅዳን ትናፍቃለች። ሦስቱንም አስቤባቸዋለሁ። ደመወዝ ብጨምር የወልድያ ሸማች ይጮህብኛል፤ ባልጨምር ሽንኩርቴ ይበሰብሳል፤ ሽንኩርት ደግሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እስኪጸድቅ አይጠብቅም። ቤት፣ ደመወዝና ጉልበት በጥናትዎ ውስጥ ሦስት ምዕራፎች ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ግን እንደ አንድ ጆንያ አፍ ናቸው፤ አንዱን ጫፍ የሳበ ሁሉንም ይዘረግፋል። ሲሪንቃ ያሉት የእርሻ ተመራማሪዎች አዲስ ዘር ለገበሬ ከመስጠታቸው በፊት በትንሽ መደብ ላይ ይሞክሩታል ሲባል እሰማለሁ። እርስዎ በትንሽ መደብ መሞከር ስላልወደዱ በቀጥታ በሠላሳ ሰባት ቤት ላይ ዘሩት። ድፍረትዎን አደንቃለሁ።

4ኛ. ለአሲያ መብት ስለተቆረቆሩላት አመሰግናለሁ። ግንቦት 21 ቀን በጽሕፈት ቤትዎ ስም የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ያለ ውል የሚሠሩ የቤት ጥበቃ ሠራተኞች መብታቸው ይጠበቅ ዘንድ ከቀጣሪያቸው ጋር በአካል ቀርበው ውል እንዲፈራረሙ ያዝዛል፤ እስከ ሰኔ 30 ቀን ያልተፈራረመ ግን ቤቱን ለቆ ይወጣል፣ ቤቱም ይታሸጋል። መብቷ እንዲጠበቅ ሐምሌ አንድ ቀን ከሦስት ልጆቿ ጋር ዝናብ ላይ ትቆማለች ማለት ነው። መብቷ ከውስጥ ታሽጎ ስለሚቀመጥ ግን አይረጥብም።

ማስታወቂያውን በኢሞ ለለይላ አነበብኩላት። ለይላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ ስታጥብና የሰው ልጅ ስታሳድግ የኖረች ልጅ ናት። ሰምታኝ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሽ ኡበይደላ፣ ለመፈረም ከመጣሁ ሥራዬ ይቀራል። ሥራዬ ከቀረ ቤቱ በምን ያልቃል? ቤቱ ካላለቀስ ምኑ ነው የሚጠበቀው? እኚህ ሰውዬ የተማሩ ናቸው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳልሰማሁ ሆኜ፣ ሌላውን በደብተሬ ጻፍኩት። ሦስት መስመር ሆነ። የእርስዎ ጥናት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ወረቀት በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ዘመን ልዩነቱን ይመልከቱት።

5ኛ. ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ፣ መርሳ ላይ ባለው የአገልግሎት መስኮታችሁ የሥራ መልቀቂያ ቅጽ በበቂ መጠን በማስቀመጥዎ ነው። ሰኔ 10 ቀን አሲያ ከቤቱ እንዳያስወጧት ለመለመን ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ናጅዋ የምትባለው ልጅ ማስታወቂያውን እያዘነች አነበበችላትና «እትዬ አሲያ፣ ምን ላድርግ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ተብለሽ ተመዝግበሻል» አለቻት። አሲያ ሽንኩርት ስትለቅም በምታወጣው በዚያ ለስላሳ ድምፅ «እሺ ልጄ፣ ሥራ ነው ካላችሁኝስ፣ ሥራ አይለቀቅም?» አለቻት።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት የናጅዋን ፊት ቢያዩት ኖሮ መቶ አሥራ አራቱን ገጽ በደስታ ይቀዷቸው ነበር። «ይለቀቃል!» አለች፤ መሳቢያዋን ስባ ቅጹን አወጣች። አሲያ ሥራዋን ለቀቀች። ሥራዋን የለቀቀች ሴት የጥበቃ ሠራተኛ አይደለችም፤ የጥበቃ ሠራተኛ ያልሆነች ሴትን ማስታወቂያው አይመለከታትም። «ታዲያ ቤቱ ውስጥ በምን ስም ትቀመጣለች?» ብዬ ለለይላ ብደውል፣ ለይላ ሳቋ እስኪያንቃት ስቃ «በእንግዳ ስም! አሲያ እንግዳዬ ናት በልልኝ። ወሎ ውስጥ እንግዳን መቼ ትወጫለሽ የሚል ሰው ከተወለደ ስሙን ላክልኝ!» አለችኝ።

ወሬው እንደ ደራሽ ውኃ ነበር የሄደው። እስከ ሰኔ 12 ቀን ሠላሳ ሰባቱም በአንድነት ሥራ ለቀዋል። ሙስሊሙ የአላህ እንግዳ፣ ክርስቲያኑ የእግዜር እንግዳ ሆኖ በየነበረበት ቤት ተቀምጧል፤ ከየአረብ አገሩም የባለቤቶቹ ድምፅ በስልክ ገብቶ «እንግዶቻችን ናቸው» ብሏል። በቅጹ ላይ የመልቀቂያ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ስላለ፣ ለቀጣዩ ጥናትዎ ይጠቅማሉ ብዬ ያሰብኳቸውን ገልብጫለሁ። ኃይሉ፦ «ሥራ ፈላጊ መሆኔ በመንግሥት ስለተረጋገጠ»። እማማ አለሚቱ፦ «እንቅልፍ ስለጀመረኝ»። አሲያ ደግሞ፦ «ሲጀመር መቀጠሬን ስላልሰማሁ»።

በሁለት ቀን ሠላሳ ሰባት ሰው ሥራ በመልቀቁ፣ በፍጥነት እያደገ የነበረው ዘርፍ በፍጥነት ጠፍቷል። በሠንጠረዥዎ ላይ ይህ ምን ዓይነት ቀውስ ሆኖ እንደሚታይ ሳስበው ያስጨንቀኛል፤ እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ላሳውቅዎ ብዬም ነው የጻፍኩት። በመርሳ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እሳቱ ይነዳል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ አሲያም ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት ልትለቅም ትመጣለች፤ ከመጣችም በኋላ «ዛሬስ መካከለኛ ነሽ ወይስ ሥራ አጥ?» እያሉ ይቀበሏታል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ናጅዋ እንደነገረችን፣ መልቀቂያው የሚጸናው የእርስዎ ማህተም ሲያርፍበት ነው። ሠላሳ ሰባቱ ቅጾች በጠረጴዛዎ ላይ በአረንጓዴ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰኔ 30 ሳይደርስ ማህተም ካልተመታባቸው አሲያና ልጆቿ ያልተፈራረሙ ጠባቂዎች ይሆናሉ፣ በሩም ይታሸጋል። የምለምንዎ ጥናቱን እንዲያርሙ አይደለም፤ የተማረ ሰው «ተሳሳትኩ» ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚከብደው አውቃለሁና። እጅዎን ሠላሳ ሰባት ጊዜ ከፍ አድርገው ሠላሳ ሰባት ጊዜ ዝቅ እንዲያደርጉ ብቻ ነው። ኃይሉ ጆንያ ሲጭን ይህንኑ እንቅስቃሴ በየቀኑ መቶ ጊዜ ያህል ያደርገዋል፤ ደግሞም ሥራ አጥ ነው። የሚከብድዎ ከሆነ ይላኩልንና ያግዝዎታል።

ለእውቀትዎ ጥልቀት፣ ለታብሌቶችዎ ብዛት፣ ስማችንን ሳይጠይቁ ሙያችንን ላወቁልን ለጠያቂዎችዎም ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ክረምቱም ጣሪያዎን እንዲያልፈው ከልብ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ አክባሪ፣ የጥበቃው ዘርፍ ሐዘንተኛ፣ የሽንኩርቱ ዘርፍ ተስፈኛ

ኡበይደላ ሰይድ
የሽንኩርት ነጋዴ፣ መርሳ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አሲያ፣ የቀድሞ የጥበቃ ሠራተኛ (ተነቦላታል፤ ስቃለች)
ለለይላ፣ ጅዳ (በኢሞ)
ለመርሳ ሌቦች (እንዲያውቁት ያህል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አጣጥፌ ሳበቃ ናጅዋ ደውላ፣ ሥራ የሚለቅ ጠባቂ የያዘውን ንብረት ለተተኪው ማስረከብ ስላለበት ከቅጹ ጋር የርክክብ ወረቀት መያያዝ አለበት አለችን። ለመርሳ ሰው ሁሉ ብንነግር ተረካቢ ልሁን የሚል ጠፋ፤ ሙያው ከባድ ነው አሉ። በገጽ 92 ላይ «የተማረው ኃይል በአካባቢው ያለውን ማንኛውንም ሥራ ሳይንቅ መሥራት አለበት» ያሉትን አንብበን ስለነበር፣ በተረካቢነት የእርስዎን ስም ሞልተን በናጅዋ በኩል ፎልደሩ ውስጥ አስገብተነዋል። ማህተሙ እንዳረፈ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የሠላሳ ሰባት ቤት ጠባቂ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት። በለይላ ቤት የሚረከቡት አሥራ አንድ ፌሮ ብረት፣ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ መስኮት የሌላቸው አራት ክፍሎችና አንዲት ድመት ናቸው። ዝናቡ በምሥራቅ በኩል ስለሚገባ ባልዲ ይዘው ይምጡ። ሲደርሱም እባክዎ በሩን አንኳኩተው ይግቡ፤ እንግዳ አለ።